በሶብላ በጓሮ፦ ለቅጠል ወይስ ለአበባ?

ስለ ባሲል አተካከል በፈረንጅ አገር የተጻፈ መመሪያ ያነበበ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ሳያጋጥመው አይቀርም፤ አበባ እንዳታስይዘው፣ ራሱ ብቅ ሲል ቀንጥሰህ ጣለው የሚል። እኛ አገር ጓሮዋ ላይ በሶብላ ያላት እናት ደግሞ ተክሉ እስኪያብብና ፍሬ እስኪቋጥር ትጠብቃለች፤ አጭዳና አስራ የምትሰቅለው ከዚያ በኋላ ነው። ፈረንጁ የሚጥለውን እሷ ትሰበስባለች። ተሳሳተ የሚባል ግን የለም። አንዱ የሚፈልገው ለሰላጣና ለፓስታ የሚሆን ትኩስ ቅጠል ነው፤ ሌላዋ የምትፈልገው ለበርበሬና ለሽሮ የሚሆን ደረቅ ቅመም። ጣጣው የሚመጣው የአንዱን ምክር ይዘው የሌላውን ምርት ሲጠብቁ ነው። የጓሮ በሶብላን ነገር ከዘሩ እስከ ማድረቂያው ሲቃኙት፣ መቼ ይዘራ፣ እንዴት ይቆረጥ፣ የት ይድረቅ የሚለው ክርክር አብዛኛው ተመልሶ እዚሁ ላይ ያርፋል፤ ተክሉን የሚፈልጉት ለምኑ ነው?

በሶብላ ከናና፣ ከጦስኝና ከጥብስ ቅጠል ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። ግንዱን በሁለት ጣት ይዞ ላሽከረከረው ክብ ሳይሆን ባለ አራት ማዕዘን መሆኑ ይታወቀዋል። ቅጠሎቹም ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ ቀጣዩ ጥንድ ከታችኛው ጋር መስቀል ሠርቶ ይቆማል። የዕፅዋት ሊቃውንት በሶብላንም ሰፊ ቅጠሉን የጣልያን ባሲልም ኦሲመም ባሲሊከም በሚባል አንድ ዝርያ ሥር ይመድቧቸዋል። ለምች የሚታሸው ዳማከሴ የዚሁ ወገን ሌላ ዝርያ ነው፤ ሂንዱዎች በግቢያቸው ተክለው የሚያከብሩት ቱልሲም እንዲሁ። ኮሰረት ግን ከበሶብላ ጋር ቅቤ ማንጠሪያው ድስት ውስጥ ቢገናኝም ቤተሰቡ ሌላ ነው።

አንድ ዝርያ ከሆኑ ሽታቸው ለምን ተለያየ? ነገሩ ያለው ቅጠሉና የአበባው ሽፋን ላይ ባሉት ጥቃቅን የዘይት ከረጢቶች ውስጥ ነው። በጣልያኑ ባሲል ዘይት ውስጥ ሊናሎል የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛል፣ የቅርንፉድን ሽታ የሚሰጠው ዩጂኖልም ይጨመርበታል። በታይላንዱ ዓይነት ኤስትራጎል ስለሚያይል ሽታው ወደ እንስላል ያደላል። ሎሚ የሚሸቱም አሉ። የእኛው በሶብላ ከጣልያኑ ጠበብ ያለ ቅጠል አለው፤ ግንዱንና የአበባ ዘለላውን ብዙ ጊዜ ወይን ጠጅ ቀለም ይነካካዋል፤ ሽታውም ስለታም ነው። ስለዚህ ከሱፐርማርኬት የተገዛ የጣልያን ባሲል አድርቆ ሽሮ ውስጥ መጨመር የሚያረካ ነገር አይደለም። በሶብላንም ፔስቶ የሚባለውን የጣልያን ማባያ ለማድረግ የሞከረ ሰው ጥሩ ማጣፈጫ ያገኝ ይሆናል እንጂ ፔስቶ አያገኝም።

በፈረንጅ አገርም ቢሆን አሠራሩ አንድ ወጥ አይደለም። በጣልያን የጄኖቫ ከተማ፣ በተለይ ፕራ በሚባለው ሠፈር፣ ለፔስቶ የሚሆነው ባሲል የሚነቀለው ገና ለጋ ሳለ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ለጄኖቫ ባሲል የትውልድ ቦታ ስም ጥበቃ ሰጥቶታል፤ በደንቡ መሠረት ተክሉ የሚሸጠው ከሁለት እስከ አራት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል ሲይዝ ከነሥሩ ተነቅሎና ታስሮ ነው። ቅርንጫፍ የሚያወጣበት፣ የሚያብብበት ጊዜ ከቶ አይሰጠውም። ቦታ ለሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህ አሠራር ከሁሉ የሚመች ይመስለኛል፤ ጥልቀት በሌለው ሳጥን ውስጥ ዘሩን ጠቅጠቅ አድርጎ መዝራት፣ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ መንቀል፣ ደግሞ መዝራት።

በግሪክ ደግሞ ባሲል ከወጥ ቤት ይልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያዘነብላል። በመስቀል በዓላቸው ካህኑ መስቀሉን በባሲል አጅቦ ያወጣል፤ ጸበሉም በባሲል ይረጫል። መስቀሉ ተቀብሮ በነበረበት ቦታ ላይ የበቀለው እሱ ነው ብለው ስለሚተርኩ ነው። የእኛ መስቀል የሚውለው በሶብላው አበባ በሚይዝበት ሰሞን መሆኑ ዝም ብሎ ግጥምጥሞሽ ነው፤ ቢሆንም ደስ ይላል።

የእኛን አሠራር የሚወስነው በርበሬው ነው። ዛላው ተቀንጥሶ፣ በፀሐይ ደርቆ ከተሸከሸከ በኋላ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ቀይ ሽንኩርቱ፣ ጤና አዳሙና በሶብላው ተወቅጠው ይታሹበታል። እርጥበቱን እየጠጣ ታፍኖ ይከርማል፤ ከዚያ እንደገና ለፀሐይ ይሰጣል። ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ፣ አብሹ ታምሰው የሚገቡት በኋላ ነው፤ ወፍጮ ቤት የሚኬደውም ያኔ ነው። በዚህ ሁሉ ፀሐይ፣ እፍንና ወፍጮ ውስጥ አልፎ መዓዛው የሚተርፍ ቅመም ነው የሚፈለገው። ለስላሳው ለጋ ቅጠል ይህን አይችልም፤ ገና ሲደርቅ ሽታው ይበንናል። የአበባው ዘለላ ግን ጠንካራ ሽፋን አለው፣ ዘይቱንም ይዞ ይቆያል። ሽታው እንዲያዝ ሲፈለግ አበባ መጠበቅ ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ሌላም ምስክር አለ። ባሲልን ለሽቶና ለምግብ ዘይት የሚያነጥሩ አምራቾችም ተክሉን የሚያጭዱት ሲያብብ ነው፤ የዘይቱ መጠን ከፍ የሚለው በዚያ ጊዜ ነውና። የጓሮዋ እናትና የፋብሪካው ባለሙያ ሳይተዋወቁ በአንድ ቀን ማጭድ ያነሣሉ ማለት ነው።

ጊዜውን በተመለከተ የማይደራደሩት ብርድ ነው። ተክሉ የሞቃት አገር ልጅ ነው፤ ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ቅጠሉ መጥቆር ይጀምራል፤ ውርጭ ከነካው ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት አልቆለታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ከዚህ ወሰን በታች ይወርዳል፤ ደብረ ብርሃንና መሰል ደጋ ቦታዎችማ ውርጩም አለ። በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በአዳማ ቀላል ነው፤ በድሬዳዋ ውሃ ካለ ዓመቱን ሙሉ ይበቅላል። በዝናብ የሚያበቅል የወይና ደጋ ሰው ግንቦት ማለቂያ ወይም ሰኔ ላይ ዘርቶ መስከረምና ጥቅምት ላይ አበባ ያገኛል፤ አጨዳውም ሰማዩ ከጠራ በኋላ ይሆናል። ይህ የጥንቱ አቆጣጠር ለደረቅ ቅመም የሚስማማ ነው፤ ምክንያቱም ማጨጃው ከማድረቂያው ፀሐይ ጋር ይገጥማል። ትኩስ ቅጠል ፈላጊው ግን ሐምሌና ነሐሴ ይከብዱታል፤ ደመናው ብርሃን ይነሣል፣ እርጥበቱ ሻጋታ ይጋብዛል። ለእሱ የሚሻለው የካቲት ላይ፣ ብርዱ ሲለቅ፣ ዘርቶ በእጅ ውሃ እያጠጣ እስከ ሰኔ ቅጠሉን መብላት ነው።

የዘሩ ነገር ብዙ ሐተታ አይፈልግም፤ አንድ ነገር ግን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የበሶብላ ዘር ጥቁርና ጥቃቅን ነው፣ በአንድ ግራም ውስጥ ከ500 በላይ ይገኛል። ጥቂቱን ማንኪያ ውሃ ውስጥ ጣል ቢያደርጉት በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ተልባ ዝልግልግ ያበጅና እያንዳንዱ ፍሬ ነጣ ባለ ሽፋን ተከቦ ያብጣል። ይህ ሽፋን ውሃ መያዣው ነው። አፈሩ በመሐል ደርቆ ሽፋኑ ከደረቀ፣ በመብቀል ላይ የነበረው ዘር እዚያው ይቀራል። ብዙ ሰው ዘሩ አልበቀለም ብሎ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ጥልቀት ነው፤ ዘሩ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ መቀበር የለበትም። በተለሰነ አፈር ላይ በትኖ፣ ስስ የተነፋ ፍግ ነስንሶ፣ በወንፊት ውሃ ማርከፍከፍ ይበቃል። አፈሩ ሞቅ ካለ ከአምስት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ብቅ ይላል፤ ከቀዘቀዘ ሁለት ሳምንትም ያልፋል።

ዘሩን ከየት ማግኘት? ከገበያ። በፀሐይ ወይም በጥላ ደርቆ የተሸጠ የበሶብላ እስር ውስጥ ዘር አለ። ዘለላው ላይ ያለችው እያንዳንዷ ትንሽ ቆብ እስከ አራት ፍሬ ትይዛለች። ደረቁን ዘለላ በመዳፍ መሐል አሽቶ ነጭ ሳህን ላይ ማራገፍ፣ ገለባውን በትንፋሽ እፍ ማለት ነው፤ ሳህኑ ላይ የሚቀረው ጥቁር አሸዋ የሚመስለው ዘር ነው። የታመሰ ወይም በምድጃ የደረቀ ከሆነ ግን አይበቅልም። በቆርቆሮ ወይም በወረቀት ከረጢት ደረቅ ቦታ የተቀመጠ ዘር ለተወሰኑ ዓመታት ይቆያል። ሁለት ዓይነት ባሲል ጎን ለጎን የሚያበቅል ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ንብ አንዱን ከሌላው ጋር ታዳቅላለች። የጣልያኑና በሶብላው አብረው ካበቡ፣ ከዚያ የተለቀመው ዘር በሚቀጥለው ዓመት የሚሰጠው ሽታ ከሁለቱም ላይሆን ይችላል። ዘር ለመያዝ የተፈለገው አንዱ ብቻ እንዲያብብ ማድረግ ነው።

ዘር ለማይጠብቅ ሰው ቁራጭም አለ። ያላበበ የአሥር ሴንቲ ሜትር ቀንበጥ ቆርጦ፣ የታችኛውን ቅጠል ላጥ አድርጎ፣ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ መስኮት አጠገብ ማቆም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። ውሃውን በየሁለት ቀኑ መቀየር እንዳይረሳ።

ቦታን በተመለከተ የፈረንጅ መጻሕፍት ደቡብ የሚያይ መስኮት ይላሉ። ለአውሮፓ ትክክል ነው፤ ለእኛ ግን ግማሽ እውነት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ክረምት ላይ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን በኩል ታልፋለች፤ ወደ ደቡብ የምታዘነብለው በበጋ ነው። ደቡብ የሚያይ ሰገነት ያለው ሰው ታኅሣሥ ላይ የጠገበውን ፀሐይ ሰኔ ላይ ያጣዋል። ዓመቱን ሙሉ የማይከዳው የጠዋት ፀሐይ የሚያገኘው ምሥራቅ የሚያየው ነው። ተክሉ በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይሻል፤ ከዚያ ካነሰ ይረዝማል፣ ይቀጥናል፣ ቅጠሉም ይሳሳል።

ለሰገነት ዕቃ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አፉ ተቆርጦና ታጥቦ ጥሩ ያገለግላል፤ ታቹን በጋለ ሚስማር መብሳት ግን የግድ ነው። በሶብላን ከድርቀት ይልቅ ፈጥኖ የሚገድለው ሥሩ በውሃ መዋጡ ነው። አፈሩ ከጓሮ አፈር፣ ከበሰለ ፍግና ከጥቂት አሸዋ ቢቀላቀል ይበቃል። ማዳበሪያ ላይ ግን ቁጥብ መሆን ይሻላል። ዩሪያ የጠገበ በሶብላ ሰፊና አረንጓዴ ቅጠል ያወጣል፣ ሽታው ግን ቀጭን ነው። እንደ እኔ ለቅመም የሚሆነውን በፍግ ብቻ ማሳደግ ይበቃል፤ ቅጠሉ ቶሎ ቶሎ ለሚቆረጠው ብቻ በየወሩ ትንሽ የብስባሽ ውሃ ቢጨመር አይጎዳም። በመደብ ላይ በተክልና በተክል መካከል ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር መተው ነፋስ እንዲያልፍ ያደርጋል። ውሃ የሚጠጣው ጠዋት፣ ከሥሩ ነው፤ ማታ ቅጠሉ ላይ የተርከፈከፈ ውሃ እስኪነጋ አይደርቅም።

ወደ አቆራረጡ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው። ችግኙ ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ቀረብ ብለው ይዩት። ከእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ውስጥ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት፣ የጤፍ ፍሬ የምታክል ሁለት ቅጠል ያላት ቡቃያ ተቀምጣለች። አናቱ እስካለ ድረስ እሷ ተኝታ ትቆያለች፤ አናቱ የሚልከው ንጥረ ነገር ያስተኛታል። ግንዱ ከሁለተኛው ጥንድ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲቀነጠስ ግን በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ይነሣሉ። አንድ የነበረው ግንድ ሁለት ይሆናል። ሁለቱ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ሲይዙ ሲቀነጠሱ አራት። በዚህ መንገድ የተያዘ ተክል ቁጥቋጦ ይሆናል፤ ሳይነካ የቀረው አንድ ዘንግ ሆኖ ሽቅብ ወጥቶ ያብባል።

ሰው የሚሳሳተው ቅጠሉን ከታች እየለቀመ አናቱን በመተው ነው። ትልልቁ ቅጠል ታች ስላለ እጅ ወደዚያ ይሄዳል። ነገር ግን ፀሐይ እየሰበሰበ ተክሉን የሚመግበው ያው ትልቁ ቅጠል ነው፤ አናቱም አበባ ከመያዝ አልተገታም። ለወጥ ቤት የሚፈለገው ትንሽም ቢሆን ቀንበጡን ከነአናቱ፣ ከአንጓው በላይ መቁረጥ ይሻላል። በአንድ ጊዜ ከተክሉ ከሲሶው በላይ አለመውሰድ የሚለው የአትክልተኞች ልማድም ጥሩ ልማድ ነው። ሰዓቱ ጠዋት፣ ጤዛው ከረገፈ በኋላና ፀሐይ ሳይበረታ ነው፤ ዘይቱ ገና አልተነነም።

እንግዲህ የመግቢያው ክርክር እዚህ ይፈታል። ቅጠል ለሚፈልግ መቀንጠሱ እስከ መጨረሻ ይቀጥላል፤ አበባ ሲይዝ ቅጠሉ ይቀንሳል፣ ይጠነክራል፣ ትንሽም ይመራል። ዘለላ ለሚፈልግ ግን መቀንጠሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ይሁን፤ ቅርንጫፍ በበዛ ቁጥር ዘለላ ይበዛልና። ከዚያ በኋላ እጅን መሰብሰብ ነው። ብዙዎቹ የጓሮ ባለሙያዎቻችን ይህችን የመጀመሪያዋን ቅንጠሳ አያደርጉም። ተክሉ እንደወጣ ይተዉታል፣ የሚያገኙትም ጥቂት ረጃጅም ዘንግ ነው። ከፈረንጁ ምክር የምወስደው ይህችኑ ብቻ ነው፤ የቀረውን ለእናቶቻችን እተዋለሁ።

ዘለላው የሚበስለው ከታች ወደ ላይ ነው። አናቱ ላይ ገና አበባ እያለ ታችኞቹ ቆቦች ቡናማ ይሆናሉ፤ ማጨጃው ያኔ ነው። እስከ መጨረሻው ከተጠበቀ ዘሩ ይረግፋል፣ ቅጠሉም ወድቆ ዘንግ ብቻ ይቀራል። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ትቶ መቁረጥ፣ ብርዱ ካልገባ፣ ሁለተኛ ዙር ይሰጣል።

ማድረቅ ላይ ፀሐይ ወይስ ጥላ የሚለው የቆየ ጭቅጭቅ ነው። በገበያ የሚታየው ቡናማና የነጣ በሶብላ አብዛኛው ሰፌድ ወይም ሸራ ላይ ፀሐይ የመታው ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ አይሻግትም፤ ነገር ግን ዘይቱ አብሮ ይሄዳል። ፍርዴ ለጥላ ነው። አምስት ስድስት ዘንግ ብቻ ባንድ አስሮ፣ ነፋስ በሚያልፍበት በረንዳ ውስጥ ወደ ታች ዘቅዝቆ መስቀል። እስሩ ከወፈረ መሐሉ ይሻግታል። ሲነኩት ተንኮሻኩሾ የሚሰበር ሲሆን ደርቋል። ትኩሱ በሶብላ አብላጫው ውሃ ስለሆነ አንድ ኪሎ ትኩስ ሲደርቅ ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ግራም ቢቀረው ነው፤ ትንሽ ሆነ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ሳይፈጩ፣ ከነዘለላው፣ ክዳኑ በሚገጥም ጠርሙስ ውስጥ ጨለማ ቦታ ማስቀመጥና በሚፈለግበት ቀን መውቀጥ ከሁሉ ይበልጣል። ተፈጭቶ የሚከርም ቅመም ከወር ወር ሽታው ይጠፋል።

ትኩሱን ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት የተለመደ ስሕተት ነው። ብርድ የሚጠላ ተክል ተቆርጦም ብርድ ይጠላል፤ በማግሥቱ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ እንደ ተቆረጠ አበባ አቁሞ ጠረጴዛ ላይ መተው ይሻላል። ለረጅም ጊዜ ከተፈለገ ከዘይት ጋር ተፈጭቶ በበረዶ መሥሪያ ዕቃ ፍሪዘር ይገባል። እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ትኩስ ቅጠል ወይም ነጭ ሽንኩርት በዘይት ጠርሙስ ውስጥ ዘፍዝፎ ከፍሪጅ ውጭ ማቆየት አደገኛ ነው። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ ሽታውም ጣዕሙም አይናገርም። ንጥር ቅቤ ግን ውሃው እስኪያልቅ ስለሚንተከተክና ስለሚጠለል ከዚህ የተለየ ነው።

ከበሽታው ሁሉ የከፋው ዳውኒ ሚልዲው የሚባለው ሻጋታ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ የተራበ ይመስል ቢጫ ይላል፤ ብዙ ሰው ማዳበሪያ ይጨምርለታል። ቅጠሉን ገልብጦ ያየ ግን በጀርባው ግራጫ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያደላ አቧራ መሰል ነገር ያገኛል። ይህ በሽታ መጀመሪያ የተመዘገበው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። ከዚያ ለብዙ ዐሠርት ዓመታት ሳይሰማ ቆይቶ በ2001 ስዊዘርላንድ፣ በ2003 ጣልያን፣ በ2007 የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ውስጥ ብቅ ብሎ የባሲል ገበሬውን አስደነገጠ። በሽታው በዘርም በነፋስም ይጓዛል። በአሜሪካ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ፣ በእስራኤል ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች መቋቋም የሚችሉ ዓይነቶችን አውጥተዋል፤ እነዚህ ግን ለትኩስ ቅጠል የተዳቀሉ ናቸው። በጓሮ ደረጃ መድኃኒቱ ቅጠሉን አለማርጠብ፣ አራርቆ መትከልና የታመመውን ነቅሎ ማቃጠል ነው። ክሽክሽ ሲወርረው ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጦ በቅጠሉ ጀርባ መርጨት፣ ከመብላት በፊት ደግሞ በደንብ ማጠብ ይበቃል። ቀንድ አውጣን ማታ ማታ በእጅ መልቀም ነው፤ ሌላው ዘዴ ሁሉ ወሬ ነው።

ወሬ ካልን አይቀር ሦስቱን እናንሣ። ከቲማቲም ጎን ቢተከል ቲማቲሙን ያጣፍጣል ይባላል፤ ለዚህ የረባ ማስረጃ የለም፣ ሁለቱ ግን ሙቀትና ፀሐይ ስለሚወዱ አብረው መኖራቸው አይጎዳም። ትንኝ ያባርራል ይባላል፤ የተጨመቀው ዘይት ወይም ጭሱ ሊያሸሽ ይችላል፣ መስኮት ላይ የተቀመጠ ዕቃ ውስጥ ያለ ተክል ግን ዝም ብሎ ትንኙን አያባርርም። ሦስተኛው የመድኃኒትነቱ ነገር ነው። በወጥ መጠን የሚገባ በሶብላ ጉዳት አያመጣም፤ ተነጥሮ የተሸጠውን ዘይት መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው፣ በተለይ ለነፍሰ ጡር አይመከርም። የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ይሠራል፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለባለሙያ መተው ደግ ነው።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ጉዳይ ለብቻው የሚታይ ነው። ዋሺንግተንና አካባቢው ላሉ የመጨረሻው ውርጭ የሚያልፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ኤፕሪል ውስጥ ስለሆነ፣ በዚያው ወር ዘሩን ቤት ውስጥ አብቅሎ ሜይ ላይ ማውጣት ይበጃል። ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። በሶብላው ዘለላ ይዞ እስኪበስል ድረስ መኸሩ ያልፍና የኦክቶበር ብርድ ይደርሳል። ስለዚህ እዚያ ያለ ሰው ዘግይቶ መዝራት አይችልም፤ የሚዘገይ ከሆነ በዕቃ ተክሎ ብርድ ሲመጣ ወደ ቤት ማስገባት አለበት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ገዳዩ የበጋው ሐሩር ስለሆነ የሚዘራው ኦክቶበር ላይ ነው፤ በገበያ ሪሃን ተብሎ የሚሸጠው ትኩስ እስርም የዚሁ ወገን ስለሆነ ቁራጩን ውሃ ውስጥ ማቆም ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ በሱቆች የበሶብላ እሽግ ላይ ቅዱስ ባሲል ብለው ይጽፋሉ፣ ይህን አይቶ የቱልሲ ዘር ያዘዘ ሰው የሚያገኘው የሕንዱን ሌላ ዝርያ ነው። ዘር ከአገር ቤት ይዞ መግባትም ብዙ አገሮች የጤና ማረጋገጫ ወረቀት የሚጠይቁበት ነገር ነው፤ እዚያው ካበቀለ ወዳጅ መቀበል ይቀላል።

የተሰነዘሩትን ምክሮች ሁሉ ስመዝን ለጋውን ከነሥሩ ከሚነቅለው በቀር ለሁሉ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ ችግኙን በመጀመሪያው ወር አንዴ መቀንጠስ። የቀረው በምግቡ ይወሰናል። ለሰላጣ የሚያበቅል አበባውን ይቁረጥ፤ ለበርበሬና ለሽሮ የሚያበቅል የፈረንጁን መመሪያ ትቶ አበባውን ይጠብቅ። ጓሮ የሌለው አንድ ጀሪካን ይበቃዋል። በዝናብ የሚዘራ ግን ዘሩን ከግንቦት በፊት አራግፎ ማስቀመጥ አለበት፤ ሰኔ ካለፈ ጥቅምት ላይ የሚታጨድ የለም።